የጓሮው ደብተር

«ልጅ ያየውን ነው የሚናገረው። ሰው ደግሞ ልጅን ያምናል።»

ይህን ያለው እናቴ ትሁን አጎቴ ዛሬም አይለይልኝም። ውሃ ልጠጣ ሄጄ፣ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ በካልሲ ቆሜ ነበር። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሷ እኮ ናት ያሳደገችኝ» አለ።

«ማን አላሳደገችህም አለ?» አለው አጎቴ። «ስላሳደገችህ አይደል እንዴ ደህና ቦታ እንድታርፍ የምንደክመው?»

ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ። ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ተሰማኝ። ቀጥሎ የመጣው ቃል ግን የእናቴ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ፤ ስለ እኔ ስለነበር አልረሳውም። «እሷው ትጽፈዋለች። እጅ ጽሑፏ ቆንጆ ነው።»

ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዤ የሄድኩት ይህችኑ ነው፤ እጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው። እናቴ በቀላሉ የምታመሰግን ሰው አልነበረችም። ውሃውን ሳልጠጣ፣ ደስታዬ እንዳይፈስብኝ በእግሬ ጣት ጫፍ እየተራመድኩ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ።

የምንኖርበት ቤት የእትዬ ነበር። እትዬ የአባቴ አክስት ናት፤ እናቱ ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ ተረክባ ያሳደገችው እሷ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማው የችግኝ ጣቢያ ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። ባሏ ሞቷል፤ የራሷ ልጅ የላትም። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ስለሚላት እኛም ቤት ውስጥ ሌላ ስም አልነበራትም። እኔ ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት «ለአንድ ወር ብቻ» ብለን መጣንባት። እኔ የምናገረው ነገር ሲሆን ግን የፊት ለፊቶቹ ሦስት ክፍሎች የእኛ ሆነው፣ እሷ ወደ ጓሮ በሚከፈተው ጠባብ ክፍል ተወስና ነበር። ማንም ውጪ አላላትም። አንድ ቀን ወንበሯ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሌላ ቀን ቁም ሳጥኗ ይከተላል፤ እንዲያ እንዲያ እያለ ሆነ።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። መስታወት ቆራጭ ነበር። የተከራየው ወርክሾፕ ሊፈርስ ነውና ቦታ ይፈልግ ነበር። እሑድ እሑድ ይመጣና ጓሮውን በእርምጃ ይለካዋል። እኔም እየተከተልኩ አብሬው እቆጥራለሁ፤ ሃያ ሁለት በአሥራ አራት። ጨዋታ መስሎኝ «እንደገና!» እለው ነበር። እሱም አይሰለችም፤ እንደገና ይለካል።

«እትዬ፣ ዛፎችዎ እንዴት አደሩ?» ይላታል አጥሩ ጋ ቆሞ።

«ከአንተ ይሻላሉ» ትለዋለች ቀና ሳትል። «እነሱ ሳይጠሩ አይመጡም።»

እሱ ይስቃል፤ እናቴም ትስቃለች። እናቴ አንድም ቀን እትዬን አንቺ ብላት አታውቅም። «ይብርድዎታል፣ ይግቡ እንጂ»፣ «ትንሽ ይቅመሱ እንጂ» ነበር። በጀርባዋ ግን «አሮጊቷ» ነበረች። እኔ ይህ ሁለት የተለያየ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ አንዲት እትዬ አለች፣ ሌላ ደግሞ እናቴ የምትሰለቻት፣ አይቻት የማላውቅ አንዲት አሮጊት አለች።

ብርዱ በገባበት ሰሞን አጎቴ ግድግዳ ላይ ያስደገፈውን መስታወት በኳስ ሰበርኩ። «ነፋስ ነው» አልኩ። አጎቴ የመስታወት መለኪያ ማስመሪያውን አወጣ፤ አንድ ሜትር የሚሆን፣ ጠርዙ ነሐስ የተለበጠ እንጨት ነው።

«ለመስታወቱ አይደለም» አለኝ በጣም ረጋ ብሎ። «ለውሸቱ ነው።»

በያንዳንዱ እጄ አምስት አምስት። አንጓዬን የያዘችው እናቴ ነበረች። አባቴ ያን ሰዓት ጫማውን ሊያሠራ ወጥቶ ነበር። ልጅ ሆኜ፣ አባቴ ጫማ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ሰው ነው ብዬ አምን ነበር።

እትዬ ጓሮ ወሰደችኝ። የጠዋት ውርጭ ገና አልቀለጠም ነበር። መዳፎቼን ከኮኩ ዛፍ ሥር ነጭ የሆነው አፈር ላይ አስቀመጠችና የሷን እጆች ከላይ ጫነችባቸው። መጀመሪያ አቃጠለኝ፣ ከዚያ ደነዘዘ፣ ከዚያ ተወኝ።

«ሁለተኛ ይህን እጅ ማንም አይነካውም» አለች። እኔን እያየች አልነበረም። ዛፉን እያየች ነበር።

«ለማን ነው የምትነግሪው?» አልኳት።

«ለሱ።»

«ይሰማል?»

«ጆሮ የለውም። ግን ጨዋ ነው፤ ሰው ሲናገር አያቋርጥም።»

የጓሮው ዘመን የተጀመረው እንዲህ ነው። ያን ዘመን ስናገር እስከ ዛሬ ድምፄ ይለወጣል ይሉኛል የሚያውቁኝ። ብርዱ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው ጓሮ ማለት ምንም ማለት ነው፤ ጥቁር አፈር፣ የራሰ እንጨት፣ ካለፈው ዓመት የቀረ የቅጠል ብስባሽ። ሌላ ሰው አይቶ የሚያልፈው ነው። እትዬ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለት ባልዲ ደፍታ ትጠብቀኝ ነበር። ፀሐይ የኋለኛውን ግድግዳ የምታገኘው ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን ባልዲዎቹ ላይ እንቀመጣለን። ጡቡ በካፖርታችን አልፎ ያሞቀናል፤ እግራችን ግን በረዶ ነው። አንዲት ደረቷ ቡናማ የሆነ ወፍ አካፋው የገለበጠውን አፈር ትጠባበቃለች። እትዬ አትናገርም፤ እኔም አልናገርም። ዝም ማለት እንደሚጣፍጥ ያወቅሁት እዚያ ነው። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ ልቤ ሲረጋ ጀርባዬን የሚያሞቀኝ ያ ጡብ ይመስለኛል።

ሥራም ነበረን። እሷ በመከርከሚያ መቀሷ የወይኑንና የጽጌረዳውን ቅርንጫፍ ትቆርጣለች፤ እኔ እሰበስባለሁ። ለመቁረጥ ወይም ለመተው የምትወስነው በጥፍሯ ነበር። ደረቅ የሚመስለውን ቅርንጫፍ በአውራ ጣቷ ጥፍር ፋቅ ታደርገዋለች። ከልጡ ሥር ቡናማ ከሆነ ሞቷል። አረንጓዴ ከሆነ ግን፣ «አለ» ትላለች። ሌላ ቃል አትጨምርም። «አለ።» እኔም ጥፍሬ እስኪቆሽሽ እየፋቅኩ «አለ! ይኸውና አለ!» እያልኩ ጓሮውን እዞረው ነበር።

አንድ ቀን የእጇን ጀርባ አየሁት፤ የተሸበሸበ፣ ቡናማ ነጠብጣብ የበዛበት፣ ልክ እንደ ልጥ።

«እትዬ፣ አንቺስ አለሽ?»

ሳቀችና እጇን ዘረጋችልኝ። «ፋቅ አድርገሽ እይኝ፤ ውስጤ አረንጓዴ ነው።»

ደግሞ ሌላ ቀን፣ ኮኩን ባሌ ነው ብለሽ አናግሪው ብዬ ለመንኳት። አልፈልግም አለች፣ ለመንኳት፣ አሁንም አልፈልግም አለች። በመጨረሻ መቀሷን ኪሷ ከታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዛፉ ፊት ቆመች።

«አንተ ሰውዬ! ዛሬም ባዶ እጅህን መጣህ? አንዲት ቅጠል እንኳ ይዞ መምጣት ያቅተዋል ሰው?»

ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ «አናግሪው» ሆነ ጨዋታው። ሥሮች ይበርዳቸው እንደሆነ የጠየቅኋትም ያኔ ነው። «እስቲ እንወቀዋ» ብላ ጫማዋን አወለቀች፤ እኔም አወለቅሁ። አፈሩ ላይ ባዶ እግራችንን ቆመን እስከ አሥር ቆጠርን። ሰባት ላይ ሁለታችንም እየጮህን ወደ ባልዲው ሮጥን።

እናቴ ደብተሩን የሰጠችኝ በዚያው ሰሞን ነው። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ መስመሩ ጠባብ፣ የትልቅ ሰው ደብተር። እርሳሱንም ራሷ ቀርጻ ሰጠችኝ።

«እትዬ ጓሮ ውስጥ የምታደርገውንና የምትለውን ጻፊ» አለችኝ። «እንግዳ ሲመጣ ታነቢለታለሽ። እንዳየሽው ነው የምትጽፊው፤ ውሸት እንዳትጨምሪ።»

ጻፍኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ምንም ነገር እንዲያ በፍቅር ጽፌ አላውቅም። ማታ ከእራት በፊት እናቴ አጠገቧ ታስቀምጠኝና በቀይ እስክሪብቶ ታርመኛለች። ፊደል የሳትኩትን ታስተካክላለች። አንዳንዱን መስመር ደግሞ ትሰርዛለች።

«ይሄ አይጠቅምም፤ ጽሑፍሽን ያንዛዛዋል» ትለኛለች። «አጭር ሲሆን ነው የሚያምረው።»

እናቴ ድርሰት እያስተማረችኝ ነው ብዬ ደስታዬን አልችለውም ነበር። ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካዋል፤ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። ከዚያ በፊትም በኋላም እንዲያ ተጠግታኝ አታውቅም።

ያን ደብተር ያገኘሁት እናቴ በሞተች በአርባኛው ቀን፣ ሳጥኗን ስበረብር ነው፤ ከቤቱ ሰነድ ጋር በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ። እናቴ ወረቀት አትጥልም ነበር። ስድስት ዓመት አልጋ ላይ አስታምሜያታለሁ፤ ጎረቤቱ ሁሉ መርቆኛል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ እትዬ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም፣ እሷም አንድም ቀን አላነሳችም። ደብተሩን ወደ መስኮት አስጠግቼ አነበብኩት። የተሰረዘው ከቀዩ መስመር ሥር አሁንም ይነበባል። «እኔ ስለጠየቅኋት ነው።» «እኔም ጫማዬን አወለቅሁ።» «በጨዋታ።» «ሁለታችንም በጣም ሳቅን።» ከዚያ ሁሉ ገጽ የተሰረዙት እነዚህ ናቸው፤ ሌላው እንዳለ ነው።

እንግዳው የመጣው አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። የእትዬን አእምሮ እንዲመረምር ፍርድ ቤት የላከው ሐኪም ነው። የደከመው፣ ካፖርቱ የራሰ፣ ቦርሳው የተላጠ ሰው። ለእኔ ግን ጽሑፌን ሊሰማ የመጣ ትልቅ እንግዳ ነበር። እናቴ ፀጉሬን ሁለት ቦታ ሠርታኝ ነጭ ሪባን አስራልኛለች። አባቴና አጎቴም ነበሩ፤ አጎቴ ማስመሪያውን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከሥራ በቀጥታ መጥቶ ነው ብዬ አሰብኩ። ሐሙስ ወርክሾፑ ዝግ እንደሆነ አውቅ ነበር እኮ፤ ሳስበው ግን ዓመታት ፈጀብኝ።

ሐኪሙ እትዬን ቀኑን ጠየቃት።

«ሐሙስ» አለች። «ወሩንም ልንገርዎ? ዶክተር፣ ጫማዎ በስብሷል፤ አውልቀው ምድጃው ጋ ያስጠጉት።»

ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሰች እንድትቆጥር ጠየቃት። ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ እያለች ወረደች። «እስከ ታች ልውረድ ወይስ ይበቃዎታል? እራት እንዳይደርስብን» አለችው። ሐኪሙ ፈገግ አለ። ሦስት ቃል ነግሯት፣ ቆይቶ መልሶ ጠየቃት፤ በቅደም ተከተል መለሰችለት። ቦርሳውን መዝጋት ጀመረ።

«እንግዲህ እኔ እስከማየው ድረስ፣ እሜቴ ጤነኛ ናቸው» አለ።

አጎቴና እናቴ ተያዩ። እናቴ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ሰው ፊት ሲሆኑ እንዲህ ናቸው፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ነው እንጂ» አለች። «ልጄ አብራቸው ትውላለች። ነይ እስቲ፣ የኔ ቆንጆ፣ ደብተርሽን አንቢላቸው።»

ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እንደ መምህራችን ከገጹ ቀና እያልኩ አነበብኩ።

«እትዬ የኮኩን ዛፍ ባሌ ትለዋለች። ባዶ እጅህን ለምን መጣህ እያለች ትቆጣዋለች። በየቀኑ ታናግረዋለች። እትዬ በብርድ ጫማዋን አውልቃ አፈር ላይ ትቆማለች። እትዬ እጇን ዘርግታ፣ በጥፍርሽ ፋቂኝ፣ ውስጤ አረንጓዴ ነው አለችኝ።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። ጽሑፌ ስላማረ መሰለኝ። እትዬን አየኋት፤ እንድትኮራብኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ደስ ብሏት ነው አልኩ።

ሐኪሙ ቦርሳውን እንደገና ከፈተ፤ ግን አልጻፈም። «ቆንጆ ጽፈሻል» አለኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ። «ቢሆንም የልጅ ጽሑፍ ነው። ልጅ ብዙ ነገር ከራሷ ትፈጥራለች።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልናገርና ወደዚያች ደቂቃ ልመለስ፤ እኔ ከዚያች ደቂቃ ወጥቼ አላውቅምና። ሐኪሙ በመጣ በሦስተኛው ሳምንት መኪና መጥቶ እትዬን ወሰዳት። የሚወስዷት ሰፊ ጓሮ ያለበት ቤት ነው ብላ እናቴ ነግራኝ ስለነበር እያጨበጨብኩ ሸኘኋት። ከዚያ ወዲያ ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የወሰዷት ቤት ጓሮ አልነበረውም፤ በሲሚንቶ የተለሰነ ግቢና በተርታ የተደረደሩ የእንጨት ወንበሮች ነበሩ። ዛፎቹ የት አሉ አልኳት። የተቀመጠችበትን ወንበር ክንድ በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው። «ይኼኛው የለም» አለችና ሳቀች። በዓመቱ፣ ብርዱ ሊወጣ ሲል ሞተች። ኮኩ ግን ቀድሟት ነበር። ሲቆርጡት አይቻለሁ፤ ውስጡ አረንጓዴ ነበር። የአጎቴ ወርክሾፕ ሃያ ሁለት በአሥራ አራት ሆኖ ዛሬም እዚያው አለ፤ ልጆቹ ይሠሩበታል። እኔ ደረጃ ላይ የማስቀምጣቸው፣ ችግኝ የተከልኩባቸው አራት ማሰሮዎች አሉኝ። ብርዱ ሊወጣ ሲል በጥፍሬ እፈትሻቸዋለሁ። ደስታው አሁንም አለ፤ አልጠፋም። የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

«ፈጠረችው?» አለ አጎቴ። «እንዲያ ከሆነማ ዋሽታለች ማለት ነዋ። ሐኪም ፊት ቆማ!» እጁን ማስመሪያው ላይ አሳረፈው፤ ድመት እንደሚዳብስ ሰው ቀስ ብሎ ዳሰሰው። «ውሸታም ደግሞ እኛ ቤት አይወደድም።»

«ዋሽተሻል?» አለችኝ እናቴ።

«አልዋሸሁም!»

መዳፌ ከደብተሩ ሥር መሞቅ ጀመረ፤ ያለፈው ጊዜ የሞቀው ዓይነት። እትዬ አፏን ከፈተች። «ዶክተር፣ ነገሩ እንኳ...» አለችና አቆመች። ማስመሪያውን አየች። እጄን አየች። ከዚያ አባቴን አየችው፤ እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን እንደ ሦስት ዓመቱ ልጅ አየችው። አባቴ ጫማውን እያየ ነበር።

እኔ ስለጠየቅኋት ነው ማለት እችል ነበር። ቃሉን አውቀው ነበር፤ ጽፌው ነበር። እናቴ ግን ያንዛዛዋል ብላ ሰርዛዋለች፤ እኔም የምፈልገው እንዲያምር ነበር። ደግሞም ማስመሪያውን ፈርቼ ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደበለጠ በጸሎቴ ስጠይቅ እኖራለሁ።

«እትዬ፣ አሳዪያቸው!» ብዬ ጮህኩ። «ጫማሽን አውልቂና እንደዚያን ቀን አናግሪው! ውሸቴን እንዳልሆነ ይዩ! እትዬ፣ እባክሽ!»

ሐኪሙ ብዕሩን አንስቶ ወደ እሷ አየ። የኋለኛው በር ግማሽ ክፍት ነበር፤ ፀሐይዋ ግድግዳውን ልትለቅ ትንሽ ቀርቷት፣ ኮኩ ጥቁር ሆኖ ባልዲዎቹ መካከል ቆሟል።

እትዬ ተነሳች። የካፖርቷን ቁልፎች ከታች እስከ ላይ አንድ በአንድ ቆለፈች። በአጠገቤ ስታልፍ መዳፌን ገልብጣ አየችውና መልሳ ዘጋችው።

«እሺ» አለች። «አሳያቸዋለሁ፣ የኔ እመቤት።»

ከበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠችና የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች።